ይቅር ያልኩት ሰው

የንስሐ አባቴ ሦስት ጊዜ «ሌላስ?» ብለውኛል፤ ሦስቱንም ጊዜ ሌላ ሌላ ኃጢአት ነግሬያቸዋለሁ። ይህኛውን አልነገርኩም። ለሚስቴም አልነገርኩም። እናንተን አላውቃችሁም፤ ስለዚህ ይቀለኛል። ፈሪ የሚናዘዘው ለማያውቀው ሰው ነው።

ሙደሲርን ጨው የበላው ብረት ላይ አንጠልጥዬ ሰበርኩት። ከዚያ ጥፋቱ ያንተ ነው አልኩት። ከዚያ ደግሞ ይቅር አልኩት። ሦስቱንም ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ የሚብሰውም የመጨረሻው ነው።

የዓለም ዋንጫው ካለፈ ዓመት ገደማ ይሆናል። ጆሃንስበርግ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና መሐንዲስ ነበርኩ፤ የምኖረው ቤሪያ የሚባል ሰፈር፣ ሊፍቱ መሥራት ካቆመ የቆየ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ። ሙደሲር የቡታጅራ ሰው ነው፤ እዚያው አጠገብ ባለችው ጀርሚስተን ከተማ ብርድ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። ቀኑን ሙሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን በዙሉ ቋንቋ «ሳውቦና ማማ» እያለ ሰላም ሲል የሚውል ሳቂታ ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ግን «ኢንጂነር» እንጂ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ገደል መውጣት እኔ ከሥራ ባልደረቦቼ ለመድኩ፤ እሱን ያስለመድኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ገመዱም መንጠቆውም የእኔ ነበር። እኔ አንድ ነገር ካልኩ ለሙደሲር አበቃ፤ የተማረ ሰው ተናግሯላ!

በዚያ ዓመት ከደርባን በታች፣ ባሕር ዳር ያለ ገደል ላይ ሁለት ቀን ወጣን። ማዕበሉ እግራችን ሥር እየመጣ ይፈነዳል፤ ስንጨርስ ልብሳችንም ዕቃችንም በጨው ነጥቷል። እዚያ ያገኘነው አንድ ሽማግሌ ገደል ወጪ ዕቃውን አየና መከረን። ዛሬውኑ በንጹሕ ውኃ እጠቡት፤ መዝጊያውን እየከፈታችሁ እየዘጋችሁ እጠቡት፤ ጥላ ውስጥ አድርቁት፤ ከዚያ ማጠፊያውን ቅባት አስነኩት፤ የምግብ ዘይት ግን እንዳታደርጉበት፣ አቧራ ይሰበስባል አለን። መንጠቆ የምለው ገመዱ የሚያልፍበትን የብረት ቀለበት ነው። በአንድ ጎኑ ትንሽ መዝጊያ አለው፤ ገመዱ ሲገባ ይከፈታል፣ በሞላ ተመልሶ ጠቅ ብሎ ይዘጋል። ካልተዘጋ ገመዱ ሊያመልጥ ይችላል።

ሙደሲር «እኔ ልውሰደው፣ ሱቁ ጓሮ ቧንቧ አለ፣ አጥበዋለሁ» አለኝ። እምቢ አልኩ። ጨው ብረትን ምን እንደሚያደርግ ተምሬ፣ ተፈትኜበት አልፌ፣ የብርድ ልብስ ነጋዴ ዕቃዬን ሊያጥብልኝ? እንዲህ ነው ያሰብኩት፤ አላሳምረውም። ቤሪያ ስደርስ ግን ያን ቦርሳ ሰባት ፎቅ ተሸክሞ መውጣት ታከተኝ። ነገ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ፤ መኪናዬ ኋላ ውስጥ እርጥቡን እንዳለ አምስት ሳምንት ተቀመጠ።

ስከፍተው ሽታው ቀደመኝ። መንጠቆዎቹ ላይ ነጭ ዱቄት ወጥቷል፤ ማጠፊያቸው ላይ ያለው ሚስማር ቀይ ዝገት ለብሷል። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኳቸው፤ አብረቀረቁ። ከመካከላቸው አንዷ ግን ስትከፈት አትመለስም። ምን አደረግኩ? ወጥ ቤት ገብቼ የምግብ ዘይት አፈሰስኩባት። ሽማግሌው እንዳታደርጉ ያለንን፣ እኔ፣ የብረት ሐኪም ነኝ ባዩ! አምስት ስድስት ጊዜ ከፈትኩ ዘጋኋት፤ ሠራች። መጣል እንዳለባት አውቅ ነበር። «አላወቅኩም» የምትለዋን ቃል ከእኔ አትጠብቁ። ብጥላት ሙደሲር «አንዷ የት ገባች?» ይለኛል፤ ሳላጥብ እንዳበላሸሁት ሊያውቅብኝ ነው። ለዚህ ስል፣ ለዚህች ብቻ፣ ከሌሎቹ ጋር መልሼ ሰካኋት።

ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ተራራ ሄድን። ነፋስ ነበር፤ አቧራውን ያነሣዋል። ሙደሲር ፊት ወጣ፤ እኔ ከታች ገመድ ያዝኩ። ያቺን መንጠቆ ዓለቱ ላይ ሲያስራት አየሁ። ቆይ አላልኩትም። ገመዱን ከተተባትና ትንሽ ከፍ እንዳለ እጁ ከዳው። ገመዱ ከመንጠቆዋ ወጣ፤ እሱ እየተምዘገዘገ ወርዶ ወጣ ያለ ድንጋይ ላይ በዳሌው አረፈ። ገመዱ መዳፌን ልጦት ሄደ። ወደ ሆስፒታል ከወሰዱት በኋላ ዕቃውን ስሰበስብ ያቺ መንጠቆ አፏን እንደከፈተች ነበር። ኪሴ ከተትኳትና ቤንዚን ማደያ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳት።

በሦስተኛው ቀን ልጠይቀው ሄድኩ። ዳሌው ተሰብሮ በብረት ተያይዟል። ገና ሳልቀመጥ «ኢንጂነር፣ መዝጊያው ሳይዘጋ ነው እንዴ የወጣሁት? ጠቅ ሲል የሰማሁ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «መስሎህ ነው፤ አልዘጋኸውም» አልኩት። በፋሻ የታሰረ መዳፌን አየና አለቀሰ። «በግዴለሽነቴ አንተንም ጎዳሁህ» አለኝ። ሚስቱ ዘይነባ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ «እኔስ ሁሌም አስተውል እለው ነበር» አለች። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ፣ ነቀነቅኩ።

በወሩ ሽማግሌ ላከብኝ። የሀገሩ ሰው ሐጂ ሸምሱና ሌሎች ሁለት አባቶች፣ ሰባት ፎቅ፣ ጉልበታቸውን እየያዙ ወጡ። ሐጂ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ደቂቃዎች ቆዩ። ከዚያ «ሙደሲር በድያለሁ ብሏል፤ እጅህ የተላጠው በእሱ ቸልተኝነት ነው፤ ይቅር በለው» አሉኝ። ያኔ እንኳ መናገር እችል ነበር። በሩ ተዘግቷል፣ አራት ሰዎች ነን፣ ከዚያ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል? እኔ ግን እንደ ወጉ ቶሎ እሺ አላልኩም። የተበደለ ሰው ወዲያው እሺ አይልም፤ አይደል? አቀረቀርኩ፣ ተከዝኩ፣ አስለመንኳቸው። ሐጂ «ስለ ፈጣሪ ብለህ» ብለው ሊነሡ ሲሉ ነው «ይቅር ብያለሁ» ያልኩት። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። ልበ ሰፊ አሉኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ዘንድ እያደረ ደፈረሰ። ሙደሲር ቀኑን ሙሉ መቆም ስላልቻለ ሱቁን ለዘመዱ ለቅቆ ሀገሩ ገባ። ያነክሳል። በየበዓሉ የሚደውለው እሱ ነው፤ የእኔንም የእሱንም በዓል አይረሳም። ባለፈው ሲደውል ልጆቹን አስተዋይ ሁኑ እያለ እንደሚያሳድጋቸው አጫወተኝ። «አባታችሁ አንዲት ነገር ሳያይ አልፎ ነው እንዲህ የሆነው፣ ጓደኛውን ሊገድል ነበር እላቸዋለሁ» አለኝ። «ተው ሙዴ፣ ያለፈ ነገር ነው» አልኩት። «አንተ መቼም ደግ ነህ» አለኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የእናንተ ይቅርታ ምን ይሠራልኛል? ወጣት ነበርኩ፣ ደንግጬ ነበር፣ የሚሉትንም አላነሣም። ቁጥሩ ስልኬ ውስጥ አለ። ይህን ሁሉ ስጽፍ ከመዋል አንድ ጊዜ መደወል ይበቃ ነበር፤ አልደወልኩም።