የሞተር እጥረት አለ

ቦንጋ ውስጥ ከእኔ የፈጠነ ጎሚስታ የለም። ይሄን የምለው እኔው ነኝ፣ ሌላ የሚልልኝ ስለሌለ። ድሮ ጓደኛዬ ይልልኝ ነበር። ጎማ ቤቱን አብረን ነው የከፈትነው። እሱ በራሱ ኮምፕሬሰር ንፋስ ይሞላል፣ እኔ ቀዳዳ እደፍናለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ስንሰዳደብ እንውላለን። ከዛ ለሥራ አዲስ አበባ ሄደ። መናኸሪያ ስሸኘው፣ "ቤቱን እንዳትዘጋው፣ እመለሳለሁ" አለኝ።

"አንተ ብቻ ተመለስ፣ ፎቅ ሆኖ ነው የሚጠብቅህ" አልኩት።

ፎቁ ቀረ። እዛው መንገድ ላይ ሌላ ጎማ ቤት ተከፈተና የጎማው ሥራ ብቻውን ኪራዩን አልችል አለ። ቤቱ ከተዘጋ ደግሞ እሱ የሚመለስበት ነገር የለውም። እኔ ትምህርት አልገባኝም እንጂ ጭንቅላቴ ይሠራል። አራተኛ ክፍል ተውኩ ብዬ አወራለሁ፣ እውነቱን ለመናገር የተወኝ ትምህርቱ ነው። ብቻ አንድ ነገር አየሁ። በእኛ አገር ዝናብና ጭቃ ሞልቷል። ከማንኪራ ገጠር የሚመጡት ሰዎች ሞተር ሳይሆን ጭቃ ነው የሚነዱት። ጎማ እስክደፍንላቸው ቆመው ይጠብቃሉ። ታዲያ ለምን አላጥብላቸውም?

በባልዲና በብሩሽ ጀመርኩ። አጠገቤ ዳቦ የሚሸጡት እትዬ አዩኝና፣ "እግዜር በነጻ የሚያጥበውን አንተ ልታስከፍል ነው?" አሉኝ።

"እግዜር ሳሙና አይጠቀምም፣ እትዬ።"

ቆርቆሮ ላይ በቀለም ማስታወቂያ ጻፍኩ። ለካ ያለፈ ያገደመው ሁሉ እሱን አይቶ ይስቃል። አንድ ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ ቲቸር ሞተራቸውን አቆሙና፣ "ስንት ሞተር ነው ያጠረህ?" አሉኝ።

"ምን?"

"'የሞተር እጥረት አለ' ነው እኮ ያልከው። እጥበት ለማለት ነው?"

"አውቄ ነው፣ ቲቸር። በትክክል ብጽፈው ይቆሙ ነበር?"

አውቄ አልነበረም። ግን ቆመዋል፣ አይደል? ደጃፌ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አሳጠቡ፣ ከዛ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመሩ። ሌላውም ለመሳቅ ይመጣና ሳይታጠብ አይሄድም። ጎማ ላይ ፈጣን ነኝ ብያለሁ፣ እጥበት ላይ ግን ቀርፋፋ ሆንኩ። የታጠበውን ደግሜ አጥባለሁ። ቶሎ ከጨረስኩ ይሄዳሉ።

ሥራው ሲያድግ ከባልዲ ወደ ጎማ ቱቦ ዞርኩ። ከቱቦ ወደ ፓምፕ። ፓምፕ የገዛሁ ቀን ከንቲባ የሆንኩ ነው የመሰለኝ። በፓምፕ አንድ ሞተር ሻይ እስኪቀዘቅዝ አይቆይም፣ ስለዚህ የሚቀመጥ ሰው ቀረ። ቁልፉን ሳይነቅሉ አሳጥበው ይሄዳሉ። በኋላ ደግሞ በገበያ ቀን ፓምፑን ባጃጅ ላይ ጭኜ ሺሺንዳ ከተማ መውረድ ጀመርኩ፣ እዛም አጥባለሁ፣ ጎማም እደፍናለሁ። ኪራዩ ተከፈለ፣ ጎማ ቤቱ ተረፈ። ማታ ስመለስ አግዳሚው በዝናብ ርሶ ይጠብቀኛል። ጠርጌ እቀመጥበታለሁ፣ ቁጭ የሚል ሰው ያለ እንዲመስል።

አንድ አርብ ጓደኛዬ ደወለ። እኔም ጉራዬን ነፋሁ። ፓምፕ አልኩ፣ ሺሺንዳ ቅርንጫፍ አልኩ፣ ቦታህን እየጠረግኩልህ ነው አልኩ። እሱም፣ "ጎበዝ ነህ። እኔን ግን እዚህ ጎማ ቤት ቋሚ አድርገውኛል። አልመለስም መሰለኝ። ኮምፕሬሰሩም ላንተ ይሁን" አለኝ።

"ይሻላል። ብትመጣም ለመቀጠር ፈተና ነበረብህ" አልኩት።

ሳቀ። የማስታወቂያውንም ነገር ነገርኩት፣ ፎቶውን ላክልኝ አለ። ላኩለት። መልሶ ደወለና እየሳቀ ማውራት አቃተው፣ "አንተ ደደብ፣ አንተ ደደብ" ብቻ ይላል፣ እንደ ድሮው። መሀል ላይ ኔትወርክ ጠፋ። እኔ ትንሽ ብቻዬን ሳቅኩ።

በማግስቱ ቲቸር ትንሽ ጣሳ ቀለምና ብሩሽ ይዘው መጡ። "ዛሬ እናርመዋለን" አሉኝ።

"ይቆይ፣ ቲቸር።"

"እንዴ፣ አሁንም ያጠረህ ነገር አለ?"

ፓምፑን ከሶኬት ነቀልኩና ባልዲውን አነሳሁ።

"ፓምፑ ተበላሽቷል" አልኳቸው። "ዛሬ በእጅ ነው፣ ይቆያል። ይቀመጡ።"