ለመሠረት የላክኋት ታሪክ

ለሚስቴም ሆነ በጸሎት ለሚያግዘኝ ጓደኛዬ ያልነገርኩትን ነው ዛሬ ለእናንተ የምነግራችሁ። ስለማታውቁኝ ሳይቀለኝ አልቀረም። በእግዚአብሔር ፊትማ ስንት ጊዜ ጀምሬ «ድካሜን ይቅር በለኝ» እያልኩ አድበስብሼዋለሁ! ድካም አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር።

ደሴ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ኮምቦልቻ ወርጄ በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እመራ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ የማነበው አጫጭር የሳይንስ ልብ ወለድና ምናባዊ ታሪክ ነው፤ ሌላ ሱስ የለኝም። ያነበብኩትን ለሰው ካልጠቆምኩ ደግሞ አያስችለኝም። «ይህቺን አንብባት፣ ኮምቦልቻ ሳትደርስ ታልቃለች» እላለሁ። የእንግሊዝኛውንም ወደ አማርኛ እየመለስኩ በቴሌግራም እልካለሁ።

ከሁሉ በላይ የምታነብልኝ መሠረት ነበረች። ከገጠር መጥታ ፈትል ፋብሪካ የተቀጠረች፣ በመዘምራን መካከል ድምጿ የሚለይ ልጅ ናት። እናቷ በሞቱ ሰሞን አንዲት ታሪክ መርጬ ላክሁላት። ሩቅ ፕላኔት ላይ የምትኖር ልጅ አለች፤ እናቷ ከምድር የምትልክላት መልእክት ሕዋውን አቋርጦ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። እናትዮዋ ሞታ ተቀብራ እንኳ ድምጿ ገና በመንገድ ላይ ነው። መሠረት በሻይ ሰዓት አንብባት አለቀሰች። «እንዲህ ያጽናናኝ ነገር የለም» አለችኝ። ኩራት ተሰማኝ።

መጽናናቷን ለብቻዋ መያዝ አልሆነላትም፤ እህቶች በተሰበሰቡበት ታሪኩን ተረከችላቸው። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ «መሠረት ከሞቱት እናቷ ጋር ታወራለች» ሆኖ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ደረሰ። ሙታንን መጥራት እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። እሷ ተጠራች፤ የጥናት መሪዋ ነኝና እኔም ተጠራሁ።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ደምሴ ክፉ ሰው አልነበሩም። «ልጄ፣ ይህን ጽሑፍ ማን ሰጠሽ?» አሏት በቀስታ።

ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም። «ከስልክ ላይ ነው፣ ጋሼ።»

«አንተስ ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

«አላውቀውም» አልኩ።

አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። «ይህ ሙታን መጥራት አይደለም፣ የመንገድ ርዝመት ነው፤ የላክሁላትም እኔ ነኝ» ብል ያበቃ ነበር። የኮከብ ብርሃን እኛ ጋ እስኪደርስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ በየዓመቱ የማስተምር ሰው አይደለሁም? ታዲያ ምን አስፈራኝ? ከመሪነት መውረድ? «መምህሩ ተረት ያነባል» መባል? እያወቅሁ ዋሸሁ። እሷ ከመዘምራን ታገደች።

ስትወጣ በሩ ላይ ጠጋ ብላ «አብሽር ወንድሜ፣ አልናገርም» አለችኝ። አጽናኟ እሷ፣ ተጽናኙ እኔ! ከዚያ ወጥቼ ያለቀስኩ እንዳይመስላችሁ፤ ወጥቼ ምሳ በላሁ።

ንስሐ ገብታ እገዳው ተነሳላት፤ ወደ መዝሙሩ ግን አልተመለሰችም። ከወራት በኋላ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ተገናኘን። ከፋብሪካ መውጣቷ ነበር፣ ሻሿ ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። ሰላም ከተባባልን በኋላ ግራ ቀኙን አየት አድርጋ «ወንድሜ፣ እንደዚያች ያለች ሌላ ታሪክ የለችህም?» አለችኝ።

ስልኬ ሞልቶ ነበር። ዛሬም ሞልቷል፤ ዛሬም ለሌላው ሰው እጠቁማለሁ። ለእሷ ግን «እኔ እንኳ ትቼዋለሁ፤ ለነፍስ አይጠቅምም» አልኳት።

አንገቷን ደፋች። «ለካ እኔ ብቻ ነኝ ያልተለወጥኩት» አለች። ሚኒባሱ ሊሞላ ነው ብዬ ጥያት ገባሁ።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ወጣት ነበርኩም አልል፣ አልነበርኩም። መሠረት ለእናቷ ያነባችውን እንባ ኃጢአት ነው ብላ ንስሐ ገብታበታለች። ኃጢአት እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ነበርኩ። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።