አባቴ በህልም ምን ለብሶ ነበር?

እናቴ ዛሬ ጠዋት አባቴን በህልሟ አየችው! ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ፈጅርን ሰግዳ ስትጨርስ መስገጃው ላይ እንደተቀመጠች ጠራችኝና «መጣ እኮ» አለችኝ። ማን ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ፊቷ ነገረኝ። ከደስታዬ ብዛት የግራና የቀኝ ካልሲዬ የተለያየ መሆኑን ያወቅኩት ትምህርት ቤት ደርሼ ሲሳቅብኝ ነው።

አባቴ እዚሁ ሳዑዲ፣ ኾበር ከተማ፣ ዐቅረቢያ ሰፈር፣ የመኪና ጥገና ወርሻ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሲታመም ኹሩጅ፣ የመጨረሻው መውጫ ቪዛ፣ ተመታለትና ላይመለስ ወደ ወሎ ሄደ፤ እኛ ልንከተለው ስንሰናዳ መርዶው ቀደመን። እናቴ አልቀበረችውም፣ አልተሰናበተችውም። የቀራት መንገድ ህልም ብቻ ነበር። በኛ ዘንድ ሟች ደህና ከሆነ ወደሚወደው ሰው በህልም ይመጣል ይባላል። እሱ ግን አልመጣም።

ዓርብ ዓርብ ከዐስር ሰላት በኋላ የህንጻችን የወሎ ሴቶች እኛ ቤት ተሰብስበው ሻይ ይጠጣሉ፣ የሳምንቱን ህልም ያወራሉ። አንዷ «ህልም አይቼ ነበር» ስትል ሌሎቹ «ኸይር ያርገው» ይላሉ፤ ከዚያ ይፈታል። አንድ ዓርብ ከላይኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን አባቴን አየሁት ብላ መጣች።

«አንቺ ጋ መጣ?» አለች እናቴ። «ሚስቱን ትቶ ፎቅ ለፎቅ ይዞራል?»

ሁሉም ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። በኋላ ግን ወጥ ቤት ገብታ የታጠበውን ብርጭቆ መልሳ ስታጥብ አየኋት። በማግስቱ ዋሸሁ።

«እማ፣ እኔም አየሁት። ሰላም በያት አለኝ።»

«ወላሂ? ምን ለብሶ ነበር?»

ይህን አላሰብኩበትም። አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። «ሰማያዊውን የሥራ ልብሱን።»

ፊቷ ጠቆረ። ሟች ነጭ ለብሶ ከታየ አርፏል ይባላል፤ በሥራ ልብስ ከታየ ግን… «እዚያም አላረፈም ማለት ነው?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰኞና ሐሙስ ትጾም ጀመር፤ ምንዳው ለሱ እንዲደርስ። ልታፈጥር ቴምሩን ስታነሳ እኔ ውሃ ላመጣ ብዬ ወጥ ቤት እገባለሁ። ያላዩትን ህልም አየሁ ማለት ምን ያህል ከባድ ወንጀል እንደሆነ ቁርአን ቤት ተምሬያለሁ። እውነቱን ብነግራት ደግሞ ያቺኑ ሰላምታ ልቀማት ነው።

የባዮሎጂ መምህራችን ስለ እንቅልፍ ያስተማረችን ያን ሰሞን ነው። ሊነጋ ሲል ህልም ይበዛል አለችን። ያኔ የሚያየውና የሚናፍቀው የአንጎላችን ክፍል ነቅቶ ይሠራል፤ «እውነት ነው ወይ?» እያለ የሚመረምረው ግን እንደ ማረፍ ይላል። የሞተ ሰው በህልማችን ሲመጣ የማንገረመው ለዚህ ነው። ደውል ሰምቶ ብድግ የሚል ሰው ህልሙ ይበንበታል፤ ሳይንቀሳቀስ ትንሽ የቆየ ግን ሊይዘው ይችላል። እናቴ ደግሞ የስልኳ አዛን ገና ሲጀምር ቆማ ነው የምትገኘው! ምናልባት አባቴ ይመጣ ነበር፤ የምትሮጥበት እሷ ነበረች።

«እማ፣ ማንቂያውን አስር ደቂቃ እናስቀድመው። ስትነቂ አትነሺ፣ አትገላበጪ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ቆዪ።»

«ይሄ ትምህርት ነው ስንፍና?»

ስለ አንጎሉ ስነግራት ፈርቼ ነበር፤ ናፍቆቷን ያቃለልኩባት እንዳይመስላት። እሷ ግን ስልኳን አንስታ «ይሄስ ብረትና መስታወት አይደል? ደሴ ካለችው እህቴ ጋር ሳወራ ከመስታወት ጋር ነው የማወራው?» አለችኝ። መምህራችንም ብትሆን አንጎል ምን እንደሚሠራ እንጂ ማን እንደሚመጣ አልነገረችንም። ማንቂያውን ግን አስቀደምነው።

ዛሬ ጠዋት፣ መስገጃው ላይ፦ «በር ላይ ቆሞ ጫማውን ያወልቃል። ቀና ብሎ አየኝ። ኸላስ፣ ይኸው ነው።»

«ምን ለብሶ ነበር?» አልኳት።

«እኔ እንጃ። ፊቱን ነው ያየሁት።»

ያኔ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ጎረቤቷን፣ ብርጭቆውን፣ ሰማያዊውን ልብስ።

«በህልም ይዋሻል እንዴ፣ አንቺ ልጅ?» አለች። ቀጥላም «ሦስት ወር ሙሉ አስጾምሽኝ!» ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ነው። ኋላ ሁለቱም ሆነ። «ጾሙ ለሱ ደርሷል ኢንሻአላህ። አንቺ ተውበት አድርጊ፣ አላህን ይቅር በለኝ በዪው። ሁለተኛ ደግሞ ለኔ ብለሽ አታልሚልኝ።»

«እኔ ግን አንዴም አላየሁትም» አልኳት። ጫማውን ሲያወልቅ እንኳ። በሩን ሲነካ እንኳ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

አቅፋ ያዘችኝ። «ዓርብ ለሴቶቹ ይህንኑ ንገሪያቸው። ምንም ያላየችም ከዛሬ ጀምሮ ተራ ይድረሳት። ጥሪያቸው።»

ጥሪው እንግዲህ የእናቴ ነው፤ እኔ አድራሽ ነኝ። እህቶቼ፣ ኾበር ያላችሁ በእግራችሁ፣ ደማም ከተማ ያላችሁ ታክሲ ይዛችሁ፣ ዓርብ ከዐስር ሰላት በኋላ ኑ። ያያችሁ ያያችሁትን አምጡ። ምንም ያላያችሁ ደግሞ እንዲሁ ኑ፤ አጠገቤ ቦታ አለ።