የሦስት ሰዓት ቀጠሮዬ

መጀመሪያ የተሰማኝ ቅዝቃዜ ነው። ቀኝ እጄን ከማሸጊያው ማሽን ውስጥ አወጣሁት። አላመመኝም። ጓንቱ ተቀዷል። ደሙ ቆይቶ መጣ። ትንሿንና የቀለበት ጣቴን ለማጠፍ ሞከርኩ። እምቢ አሉኝ።

አዳማ ውስጥ በአንድ የፓስታ ፋብሪካ አሻጊ ነኝ። አለቃዬ ጋሽ ከድር በባጃጅ ሆስፒታል አደረሱኝ። ሐኪሙ «ሁለት ጅማት ተበጥሷል» አለ። በዚያው ቀን ተሰፍቶ ጄሶ ተደረገልኝ።

ጄሶው ከተፈታ በኋላ ወደ ቀላል ሥራ ተመለስኩ፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ፊዚዮቴራፒ ታዘዘልኝ። የተጎዳሽው ሥራ ላይ ስለሆነ ሐኪም ቤት የምታሳልፊው ሰዓት ይከፈልሻል ተባልኩ። ሆስፒታሉ የገባሁበትንና የወጣሁበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፎ ማኅተም ያደርግበታል፤ እኔ ወረቀቱን ለጋሽ ከድር እሰጣለሁ፤ እሳቸው ለቢሮ ያስረክባሉ።

ደመወዝ ሲመጣ የሐኪም ቀኖቼ በሙሉ «ቀሪ» ተብለው ተቆርጠዋል።

ወረቀቶቼን ማን በላቸው? ከጋሽ ከድር ሌላ የነካቸው ሰው የለም። ስጠይቃቸው «አብሽሪ፣ ይስተካከላል» ብለው ያልፋሉ። በሚቀጥለውም ወር ተቆረጠ። ከቢሮ ሰዎች ጋር ሲሳሳቁ ባየኋቸው ቁጥር ጥርጣሬዬ ይብስ ነበር። የተጎዳሁ ቀን የባጃጅ የከፈሉልኝን እንኳ መለስ ብዬ ጠረጠርኩት፤ ፋብሪካውን እንዳልከስ ይሆን? እናቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለች ነው ያሳደገችን።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ደመወዜን ይጠብቃሉ። ሕክምናውን ተውኩት። ለማንም አልተናገርኩም። እጄን ቤት ውስጥ ራሴ አሸዋለሁ አልኩ። ሲመሽ ይደክመኛል፤ እተኛለሁ። ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት ትንሿ ጣቴ እንደ እንጨት ደርቃ አደረች።

ፈራሁ። ተመልሼ ሄድኩ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጣቴን ይዛ ገፋችው። ጮህኩ።

«የት ከርመሽ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት።

«ጠባሳው ጅማቱን ይዞታል። ከዚህ በላይ ከቆየሽ አልደርስልሽም» አለችኝ።

ያን ቀን ወረቀቱን ለጋሽ ከድር አልሰጠሁም። ራሴ ይዤው ቢሮ ገባሁ። ሰዓት የምትመዘግበው ልጅ ኮምፒዩተሯን ከፈተች።

«ወረቀቶችሽማ ሁሉም ገብተዋል» አለች።

አላመንኳትም። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው፤ «ከ3:00 እስከ 5:00» ይላል። ሆስፒታሉ የጻፈው የጠዋቱን ሦስት ሰዓት ነው። ኮምፒዩተሩ ግን በፈረንጅ ሰዓት ስለሚሠራ ለእሱ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሌሊት ታክሜ፣ ጠዋት ከሥራ ቀርቻለሁ ማለት ነው! ልጅቷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ስህተት ነው ይላሉ፤ ሁለት ወር ሙሉ ማንም አላየውም መባሉ ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም።

ጋሽ ከድርን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ወረቀቴን የበሉት እርስዎ መስለውኝ ነበር» አልኳቸው።

«ወረቀት ምን ይጣፍጣል ብዬ፣ ልጄ?» ብለው ሳቁ። ቀጥለው ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሕክምናውን እንደተውሽ ብትነግሪኝ እኮ አብረን ቢሮ እንገባ ነበር።» አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ አንድም ቀጠሮ ሳልቀር፣ ጠዋት ማታ ስፖንጅ እየጨመቅሁ፣ ባለሙያዋ ጣቴን ስትገፋው እየጮህኩ፣ ስጮህም እየገፋችኝ፣ ወራት ፈጅቶ እጄ ቀስ በቀስ ተፍታታ። ሶደሬ ፍል ውሃ ውስጥ ንከሪው ያሉኝንም ሰምቼ ከልጆቼ ጋር ሄጃለሁ፤ ሙቀቱ አላልቶልኛል፣ ጣቴን ያጠፈው ግን የዚያች ባለሙያ እጅ ነው፤ እጇ ይባረክ። የቀለበት ጣቴ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ትታጠፋለች። ትንሿ ግማሽ መንገድ ላይ ትቆማለች።

እንደ እኔ ሥራ ላይ ተጎድታችሁ ሐኪም ቤት የምትመላለሱ፣ ወረቀታችሁ ላይ «ከጠዋቱ» ብለው እንዲጽፉላችሁ አድርጉ፤ ኮፒም አስቀሩ። መጠርጠሩንስ ጠርጥሩ፤ እኔም አልተውኩም። ግን የጠረጠራችሁትን ሰው በዚያው ቀን በግልጽ ጠይቁት፤ ከቀጠሯችሁም አትቅሩ። የተቆረጠብኝ የሕክምና ሰዓት በሙሉ ተከፍሎኛል። ሳልታከም ያሳለፍኳቸውን ሦስት ሳምንታት ግን የሚከፍለኝ ቢሮ የለም።