የኮሎኔሉ ወንበር

በሰላም አስከባሪነት ጁባ ተመድቤ ሳለሁ ከኡጋንዳ የገባች አሮጌ የቤት መኪና ገዛሁ። እንደ ኡጋንዳ መኪና ሁሉ መሪዋ በቀኝ ነው።

አንድ እሁድ አለቃዬን ኮሎኔሉን ምሳ ልጋብዛቸው ብዬ፣ ከንያኩሮን ሰፈር ተነስተን ጀበል ሰፈር ወዳለው የአበሻ ምግብ ቤት ልንሄድ ወጣን። በእኛ ሠራዊት አለቃ የሚቀመጠው ከፊት በቀኝ ነው። እጄ እንደለመደው የቀኙን በር ከፍቼ ሰላምታ ሰጠሁ። ገብተው ተቀመጡ፤ መሪው ደረታቸው ፊት ተደቅኗል።

ኮሎኔል «ይውረዱ» አይባልም፤ እሳቸውም ተሳሳትኩ ብለው የሚወርዱ ሰው አይደሉም።

«ቁልፍ!» አሉኝ።

ሰጥቼ በግራ ገባሁ። ደግነቱ አውቶማቲክ ናት።

«ፍሬኗ የቱ ነው?»

መኪናዋን ስላልለመዷት ነው ብዬ አሳየኋቸው። እየዘለልን ሄድን። የቦዳ ቦዳ ሞተረኛው ሁሉ ሲያየን መንገድ ለቆ ቦይ ይገባል። እኔ በበኩሌ የሌለ ፍሬን እረግጣለሁ። በመጨረሻ የምግብ ቤቱን የቆርቆሮ አጥር ተደግፈን ቆምን።

ኮሎኔሉ ላባቸውን ጠርገው ወደኔ ዞሩ።

«እንዴት ነኝ ታዲያ ሻምበል፣ ለመጀመሪያ ቀን?»