የደንገሏ ክሩዘር

አያቴ ዐይናቸው ጨርሶ ሳይጨልም አንዲት መርከብ ጣና ላይ ስትንሳፈፍ ማየት ፈልገው ነበር። መርከቧ የእንግሊዝ ናት፤ ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራች የጦር መርከብ። ምፅዋ ባሕር ኃይል ሳሉ አንድ አሠልጣኝ ፎቶዋን ሰጥቷቸዋል፤ ሦስት ጭስ ማውጫ፣ ቀጭን ወገብ። እኔም ከስልኬ ፈልጌ ስለ እሷ አነበብሁላቸው።

«ቀላል ክሩዘር ትባላለች፣ አባባ።»

«ቀላል? ቀላልስ አንች!» ብለው ተቆጡ። ወዲያው ሳቃቸው መጣ። «ብረቷ ስስ ነው ማለታቸው ነው። ስስ ስለሆነች ትሮጣለች። ከከባዶቹ ፊት ቀድማ ጠላት የት እንዳለ የምታይ እሷ ናት። በይ መጨረሻዋን አንብቢ።»

አነበብሁ። ከዓለም ጦርነት በደኅና ተመልሳ፣ ተቆራርጣ ለብረት ተሸጠች።

«እንደኛዎቹ» አሉ። ወደብ ስናጣ የእሳቸውም መርከቦች ተሸጠዋል፤ እሳቸው ባሕር ዳር መጥተው ጡረታ እስኪወጡ የጣና ጀልባ ነዱ።

የመርከቧን ትንሽ አምሳያ፣ የጣና ታንኳ በሚሠራበት በደንገል ልንሠራ ተስማማን። ደንገሉን ከሐይቁ ዳር አጭደን አመጣን፤ ዝናቡ ግን አላባራ አለ። የአያቴን ዐይን ደግሞ ሐኪም የሰጣቸው ጠብታም አልመለሰው፤ ከዳር እየጨለመ ወደ መሃል ይመጣል።

«እርጥቡን እንሰረው አባባ፤ ማን ያያል?»

«እኔ አያለኋ! እርጥብ ደንገል ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ማሰሪያው ይላላል። ቁጭ በይ፤ ፀሐይ ትውጣ።»

ፀሐይ ወጣች። ደንገሉ ደረቀ፤ አሰርነው። እንዳትገለበጥ ከሥሯ ድንጋይ አደረግን። ጭስ ማውጫዎቹን ከሸምበቆ ሠርቼ የመጨረሻውን ስተክል «ቀጥ ብሏል?» አሉኝ። መርከቧን ከዐይናቸው ፊት ለፊት ነው የያዝኋት። በጣታቸው ሲዳስሱት እንደማያዩት ገባኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ አባባ?»

«ተይው። ነይ እንሂድ።»

እጃቸውን ይዤ ወደ ሐይቁ ወረድን። በረጅም ሲባጎ አስሬ ለቀቅኋት። አቤት መንሳፈፏ! አሁን ስጽፈው እንኳ እጄ ይፈጥናል። «ሄደች አባባ! አፍንጫዋ ውሃውን እየሰነጠቀው ነው! ሞገድ መጣባት... አለፈችው! ዳክዬዎቹ ሸሹላት!» እሳቸው ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረው ፈገግ ይላሉ።

ደንገል ግን ውሃ ይጠጣል። ታንኳ ቀዛፊዎቹ ከሐይቅ ሲመለሱ ታንኳቸውን ዳር አውጥተው የሚያቆሙት እንዲደርቅ ነው። ከቀትር በኋላ የእኛዋም ከበዳት።

«ዝቅ እያለች ነው። ልሳባትና ትድረቅ።»

«ሲባጎውን ልቀቂ።»

«ትሰጥማለች እኮ!»

«ትስጠም። ይችን እንኳ ውሃ ይውሰዳት፤ መጋዝ አይንካት። አንች ብቻ ንገሪኝ፤ ምንም ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»

ለቀቅሁት። የኋለኛው ጭስ ማውጫ ሲገባ ነገርኋቸው። የመሃለኛውንም ነገርኋቸው። «ፊተኛው ብቻ ቀረ፣ አባባ... አሁን እሱም...» ብዬ አልጨረስሁትም።

አያቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ።