በማርያም ያመለጠኝ የመንጃ ፈቃድ ፈተና

ወገኖቼ፣ ዛሬ ይህን ሳልናገር ብቀመጥ ወንበሩም አይመቸኝም። የምመሰክረው በመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ጌታ ያደረገልኝን ነው። አትሳቁ! እሱ በትንሹም በትልቁም ጌታ ነው፤ ስሙ ይባረክ!

እኔ የላሊበላ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ ከአሸተን ማርያም ሥር የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። ባለቤቴ ካሳው ባጃጅ ይነዳ ነበር፤ እንግዳውን ከሆቴል ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም እያመላለሰ ነው ቤታችንን ያቆመው። ታዲያ ዓይኑ ደከመ። ሐኪሙም «ከእንግዲህ መሪ እንዳትይዝ፤ ራስህንም ሰውንም ትጨርሳለህ» አለው። ባጃጇ ግቢ ቆመች። ካሳው «እሸጣትና ከወንድሜ ተጠግቼ እበላለሁ» ሲል አላስጨረስኩትም። «እኔ እነዳታለሁ!» አልኩ። ሳቀብኝ። እኔ ደግሞ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው፤ ሄጄ ማሰልጠኛ ገባሁ።

በዚያን ጊዜ ጌታን አላውቀውም። ጎረቤቴ እህት ዘነቡ፣ ያቻትላችሁ ከኋላ ተቀምጣ፣ ስለ ኢየሱስ ስትነግረኝ «ቆይ፣ መጀመሪያ መንጃ ፈቃዴን ላግኝ» እያልኩ እሸሻት ነበር።

የጽሑፍ ፈተናው የሚሰጠው ወልድያ ነው። ቀኑን ለማረጋገጥ ለአሰልጣኜ ደወልኩ። «ፈተናው ለሚመጣው ሳምንት ነው የሚሉት እውነት ነው?» ስለው፣ «በማርያም ነው!» አለኝና ስልኩ ተቋረጠ። ማለልኝ ብዬ ተረጋጋሁ። እሱ ለካ በማርያም ዕለት፣ በሃያ አንድ ነው ማለቱ ኖሯል! ማርያም የዋለችው ደግሞ በደወልኩበት በዚያው ሳምንት ነው። እኔ በተከታዩ ሳምንት ሽክ ብዬ ወልድያ ስደርስ፣ ጥበቃው «እታለም፣ ፈተናው እኮ በማርያም አለፈ» አለኝ። በላስታ ምድር፣ ቀን በታቦት ሲቆጠር ያደግኩ ሰው እንዲህ ልሁን?

ካሳው ሲሰማ «ገዥ አግኝቻለሁ። እስከሚመጣው ወር መጨረሻ እታገሥሻለሁ፤ ካልተፈተንሽ ትሸጣለች» አለ። አሰልጣኜም አዘነልኝና «የቀረ ሰው ቀጠሮ የሚለወጥለት የሐኪም ማስረጃ ሲያመጣ ነው። ታምሜ ነበር በይ፤ ወረቀቱን እኔ አሠራልሻለሁ» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ እሺ ብሎ ነበር።

ለእህት ዘነቡ አወራኋት። አልተቆጣችኝም። «ወረቀቱ ያስገባሽ ይሆናል» አለች። «ግን ነገ ባጃጇን ይዘሽ በላሊበላ ቁልቁለት ‹ጌታ ሆይ፣ ያዘኝ› ስትዪው በየትኛው አፍሽ ነው?» ይህች ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ።

ወረቀት ሳልይዝ ወልድያ ሄድኩ። ከቢሮው ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ «ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ባጃጇም ከሄደች ትሂድ፤ አንተ ግን አትለፈኝ። ከዛሬ ጀምሮ የአንተ ነኝ» አልኩት። ጌታን የተቀበልኩት እዚያ ነው ወገኖቼ! ጉባኤ የለ፣ መዝሙር የለ፤ ግራ ቀኜ ፎቶ ኮፒ የታቀፈ ባለጉዳይ ነው። ሃሌ ሉያ!

ኃላፊው አዛውንት ናቸው። «ምን ሆነሽ ቀረሽ?» አሉኝ።

«አልታመምኩም፣ አባባ። አሰልጣኜ ‹በማርያም ነው› ሲለኝ የማለልኝ መስሎኝ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ያልታመመ ቀሪ ሲገጥመኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው!» ብለው እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው «ሳቁ ሳቅ ነው፤ የሚቀጥለው ዙር ግን ሞልቷል። አገርሽ ግቢ» አሉኝ።

አልገባሁም! ዘመድ ቤት እያደርኩ ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቀድሞ ቢሆን ተሳድቤ እወጣ ነበር፤ አሁን ግን ጌታ ልቤን አጽንቶት «እጠብቃለሁ» ብቻ እላለሁ። የፈተናው ዕለት አዛውንቱ ራሳቸው ወጡና «አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ተፈታኝ ቀርቷል። እርሳስ ይዘሻል?» አሉኝ። ይዤ ነበር! ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። የተግባሩንም አለፍኩ። ክብር ሁሉ ለእርሱ ይሁን!

የካሳው ዓይን አልተመለሰም፤ ይህን ሸፍኜ አልመሰክርም። አሁንም እንጸልያለን። ባጃጇ ግን በእኔ እጅ ቤታችንን ታበላለች። እና እናንተ ነገ ጠዋት ቢሮ የምትሄዱ፣ ውሸት የሚያቀልላችሁ የመሰላችሁ ነገር ያለባችሁ፣ እውነቱን ይዛችሁ ግቡ፤ ከዚያ በሩ ላይ ጽኑ። የታመነ ጌታ ነው፤ እመኑት።

ካሳውን ዛሬ እኔ ነኝ ያመጣሁት። «እዚሁ ሆኜ እሰማለሁ» ብሎ ከደጅ ባጃጇ ውስጥ ተቀምጧል። ካሳው፣ ድምፄ ከደረሰህ ና ግባ። ወንድሞች፣ እባካችሁ አንዳችሁ ውጡና እጁን ያዙት፤ ደረጃው አይታየውም።